ነርስ ተማሪዎቻችን መጠየቅ ይማሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍላችሁ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው አንድ አንባቢያችሁ ነርሶች ያመናጭቁናል ብለው የጻፉትን አየሁት፣ እውነት ነው አልክድም፣ ግን እኔ ነርሲንግ ስለማስተምር ነገሩን ከዚህ በኩልም እዩት ለማለት ነው፣ ብዙዎቹ ልጆች ክፉ ሆነው ሳይሆን በሽተኛ ፊት ቆመው ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ያሳያቸው ሰው ስለሌለ ነው።

ትምህርቱ የለም ማለቴ አይደለም። ማድሊን ሌኒንገር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ባህልን ከነርሲንግ ጋር ያያያዘውን ትምህርት ጀመረች፣ ልጆቹ ስሟንም ሐሳቧንም ለፈተና ሸምድደውት ይገባሉ። ጤና ሚኒስቴርም በ2008 ዓ.ም በጀመረው የ5 ዓመት እቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ የሚል ነገር አምጥቶ ነበር፣ ስልጠናው ፖስተሩ ምናምን። ዋርድ ሲገቡ ግን ሌላ ነው።

ሁዳዴን ውሰዱ፣ 55 ቀን ነው። ስኳር ያለባቸው አባት ጠዋት ኪኒኑን አልውጥም ብለው አይከራከሩም፣ እሺ ልጄ ብለው ይቀበሉና ትራስ ስር ይከቱታል፣ ተማሪዋ ቻርቱ ላይ ተሰጥቷል ብላ ትፈርማለች፣ ስኳሩ አልወርድ ሲል ሐኪሙ ዶዝ ይጨምራል፣ ትራሱን ያየ የለም። ሌላው ደግሞ ቤቱ ሆኖ ዳኦኒሉን (ስኳር የሚያወርደውን ኪኒን) በጠዋት ውጦ እህል ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፣ ስኳሩ ወርዶ ላብ በላብ ሆኖ ድንገተኛ ይገባል። ረመዳን ላይም ያው ነው። "ይጾማሉ ወይ?" ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ቢኖር ሐኪሙ ሰዓቱንም ዶዙንም ያስተካክለዋል። በሽተኛ እንዳይጾም ሁለቱም ሃይማኖት ይፈቅዳል፣ ግን አንዲት የ20 ዓመት ልጅ አይጹሙ ስላለቻቸው የሚተዉ አባት የሉም፣ የንስሐ አባታቸው ወይ ሼሁ ሲነግሯቸው ነው የሚሰሙት፣ ይሄን ማወቅ ራሱ ነርሲንግ ነው። ጸበሉም እንደዛው፣ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት እያሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብሮ ይሄዳል ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፣ አሁንም ግን ጸበል የሚጠጣ በሽተኛ ላይ የሚስቅ ተማሪ አለኝ። ከተሳቀበት በኋላ ያ ሰው መድኃኒት ማቆሙን ለማን ይነግራል?

አንድ ቀን ደግሞ (ሆስፒታሉን ተዉት) አንዲት እናት ለኦፕሬሽን ሲዘጋጁ ተማሪው ማተባቸውን በመቀስ ሊቆርጥ ሲል እጁን ጭምድድ አርገው ያዙት፣ "እሱን ከምትቆርጥ ሞቼ ልቅር" አሉ። ልጁ አልተሳሳተም፣ ቼክሊስቱ አንገት ላይ ያለ ነገር ይውለቅ ይላል። አንዲት የቆየች ሲስተር መጥታ "እማዬ፣ እጅዎ ላይ ላድርግልዎት?" አለቻቸው፣ ፈታችው፣ የእጃቸው አንጓ ላይ ጠምጥማ በፕላስተር ለጠፈችው፣ አለቀ። ያቺን ሲስተር ክፍል ገብታ እንድታስተምር የጋበዛት የለም፣ ማስተርስ የላትማ።

ቋንቋው ነው ከሁሉ የሚብሰው። ከ80 በላይ ቋንቋ ባለበት አገር ተማሪም ሠራተኛም ከተወለደበት ርቆ ይመደባል፣ መግባባት ሲያቅት የጥበቃው ሰውዬ ወይ የጽዳቷ ሴትዮ ትጠራለች፣ እና አንዲት ወጣት ሚስት ስለ ማህፀን ፈሳሿ በዘበኛው አፍ ትጠየቃለች፣ ሰውየው የሰፈሯ ሰው ሊሆን ይችላል እኮ። ምን ትበል? "ደህና ነኝ" ብላ ትሄዳለች።

የካንሰር ውጤት ሲመጣም መጽሐፉ ለራሷ ንገራት ይላል፣ አስታማሚዎቹ ደግሞ ኮሪደር ላይ አስቁመውህ በእግዚአብሔር እንዳትነግራት ይላሉ። ተማሪው መሃል ላይ ይደርቃል። ገና ናሙናው ሲወሰድ "ውጤቱን ለብቻዎ ይስሙት ወይስ ማን አብሮዎት ይሁን?" ብሎ መጠየቅን ማስተማር ምን ይከብዳል?

አንድ ነገር ግን አደራ። ይሄን ትምህርት እናስፋ ሲባል ሙስሊም ከሆነች እንዲህ አድርግ፣ ገጠሬ ከሆነ እንዲያ አድርግ የሚል ዝርዝር የሚያዘጋጁ አሉ፣ እሱ ከድሮው ይብሳል። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ለማስገባት ወንድ ይሁን ሴት ግድ የማይሰጣት፣ ብቻ ገላግሉኝ የምትል ሙስሊም አለች፣ ወንድ ተማሪ አጠገቤ አይድረስ የምትል ክርስቲያንም አለች፣ ሳትጠይቅ አታውቅም።

የተግባር ፈተናችን ላይ "ለታካሚው አስረዳ" የምትል መስመር አለች፣ ተማሪው ለፕላስቲኩ አሻንጉሊት "አሁን ካቴተር ላስገባልህ ነው" ይለዋል፣ ማርኩን ይወስዳል። አሻንጉሊቱ አይጾም፣ ማተብ የለው፣ አያፍር። እዛ አልጋ ላይ ቢያንስ ለአንዱ ፈተና ሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ የሚያፍር፣ ኪኒኑን ትራስ ስር የሚደብቅ ሰው ይተኛ፣ ሳይጠይቅ ያለፈ ተማሪም ይውደቅ።

አንዲት የነርሲንግ መምህርት
ከአዲስ አበባ