የአውቶ ሜካኒክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ካምቢዮ የፈታንበት ዓመት

የክበቡን መደበኛ ስብሰባዎች አንድ በአንድ መዘርዘር የአንባቢን ጊዜ ማባከን ይሆናል። የሥራ አመራር ምርጫ ተካሂዷል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ስለ ብሬክና ስለ ባትሪ አያያዝ ገለጻ ተሰጥቷል፣ በሰልፍ ሰዓትም ስለ መንገድ ደኅንነት መልእክት ቀርቧል። ይህ ዘገባ የሚያተኩረው ግን በአንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ በራሱ በሚቀይር የማርሽ ሣጥን) ላይ ተማሪዎቻችን ባካሄዱት የሰርቪስና የማሻሻያ ሥራ ላይ ነው።

ሥራው በትምህርት ቤቱ ግቢ ሳይሆን በአንድ ወላጅ ቤት መካሄዱ ምርጫችን አልነበረም። ለክበቡ የተሰጠው ክፍል የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ከሆነ ወዲህ፣ መኪና ማቆሚያ ቀርቶ የመሣሪያ ሣጥን የምናሳርፍበት ጥግ እንኳ የለንም። መኪናቸውን የሰጡን ወላጅ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው በአዳማ በኩል ወደ አሰላ የሚያመላልሱ ሲሆኑ፣ ካምቢዮው ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር መዘግየትና መንገጫገጭ በመጀመሩ ወደ አንድ ጋራዥ ወስደውት «አልቋል፣ ይቀየር» ተብለው ነበር። የዋጋውን ነገር ባናነሳው ይሻላል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፤ የሞተሩን ጉልበት የሚቀበለው ቶርክ ኮንቨርተር በተባለው ክፍል ውስጥ በሚሽከረከር ዘይት አማካይነት ነው። መኪናው ጭኖ በዝግታ ዳገት ሲወጣ በኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል ይፈጥናል፣ በዘይቱ ተገፍቶ የሚዞረው ክፍል ወደ ኋላ ይቀራል፤ በመካከል የሚባክነው ጉልበትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከአዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ አድርጎ ከ2,400 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አሰላ ለሚወጣ የጭነት ፒክአፕ ይህ የዕለት ተዕለት ፈተና ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮን ከማንኛውም ነገር በላይ የሚገድለው ደግሞ ሙቀት ነው።

ባለቤቱ መኪናውን ቢሰጡንም ዘይቱን ለማስቀየር ግን ፈርተው ነበር። «አሮጌ የካምቢዮ ዘይት ከተነካ ካምቢዮው ይሞታል» የሚለው አባባል በየጋራዡ የሚሰማ ነው፤ መሠረት የለውምም አይባልም። ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚይዙት የፍሪሲዮን ሸራዎች ተበልተው ካለቁ አዲስ ዘይት አያድናቸውም፣ ወቀሳው ግን በመጨረሻ ዘይቱን በቀየረው ሰው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመወሰናችን በፊት ኮፓውን፣ ማለትም ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ አውርደን ውስጡን ለማየት ተስማማን። መኪናው በብረት መቆሚያ ላይ ተነሣ፣ ጎማዎቹ ታገዱ፣ ብሎኖቹም ተራ በተራ ተፈቱ። የወጣው ዘይት ጤነኛው ዓይነት ቀይ ሳይሆን እንደ ጠቆረ ሻይ ያለ ሆኖ ስለተገኘ የባለቤቱ ፊት ወዲያው ተለወጠ።

በዚህ ጊዜ ከኮፓው ወለል ላይ የብረት ብናኝ የሚለቅመውን ማግኔት አንሥታ የወሰደችው፣ በስብሰባ ላይ ድምፅዋ ብዙም የማይሰማ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ማግኔቱን ወደ ፀሐይ ወጥታ በነጭ ጨርቅ ላይ ጠረገችው፣ ግራጫውን ዝቃጭ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል ቀስ አድርጋ አሸችው፣ ደግማም አሸችው። ከዚያም ጨርቁን ለባለቤቱ ዘርግታ «ጋሼ፣ ይኸው ይንኩት፤ ዱቄት ነው እንጂ ስባሪ አይደለም» አለቻቸው። እሳቸውም ተጎንብሰው ነኩት። ደቃቅ ዱቄት የተለመደ መበላት ምልክት ሲሆን፣ የሚቧጥጥ ስባሪ ቢገኝ ኖሮ ሥራችን እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ሰውዬው ቀና ብለው «በይ ቀጥሉ ልጄ» ሲሉ፣ ከአዋቂ መካኒክ ያልተቀበሉትን ቃል ከእርሷ መቀበላቸውን ሁላችንም አስተዋልን። በብዙ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ ፈተና ያለፈ ተማሪ አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንም።

የቀረው በሥርዓቱ ተከናወነ። ማጣሪያውና ዘይት እንዳያፈስ ከኮፓው ጋር የሚገባው ጓርኒሲዮን ተቀየሩ፤ የኮፓው ብሎኖች ጥቂት ጥብቀት ብቻ የሚሹ በመሆናቸው በውሰት በተገኘ የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ወደ 7 ኒውተን ሜትር ገደማ በማፈራረቅ ጠበቁ። ኮፓውን ማውረድ በኮንቨርተሩ ውስጥ የሚቀረውን ብዙ ዘይት ስለማያወጣ፣ መኪናው ጥቂት ከሠራ በኋላ ዘይቱን ደግሞ መቀየር አስፈልጎናል። ማሻሻያው ከራዲያተሩ ፊት የተተከለ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣና ከሾፌሩ አጠገብ የተገጠመ የሙቀት መለኪያ ነው፤ ዘይቱ በራዲያተሩ ካለፈ በኋላ በአዲሱ ማቀዝቀዣ በኩል ወደ ካምቢዮው ይመለሳል።

ሙከራውን ያደረግነው ሽንኩርት ጭነን በኢተያ መንገድ ነው። ጋቢና ውስጥ የገቡት ተማሪዎች መለኪያውን ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ የተቀሩት በሚኒባስ ተከተሉን። ኢተያ ስንደርስ ሜዳ ላይ ቆመን ሞተሩን ሳናጠፋ፣ ማርሹን በየቦታው አዘዋውረን ወደ ፓርኪንግ ከመለስን በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስበን አየን፤ ዘይቱ ቀይ ነበር፣ ልኩም ትክክል ነበር። የማርሽ አቀያየሩ ዳገቱ ላይ መንገጫገጩን ትቷል፤ መዘግየቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

እንቅፋትም ነበረብን። ከገበያ የተገዛው የመጀመሪያው ጓርኒሲዮን የሌላ ካምቢዮ ሆኖ በመገኘቱ ሥራው ለረጅም ጊዜ ቆሟል፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ሲቃረብም የአባላት ቁጥር ቀንሷል። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ «ካምቢዮ መማር ምን ያደርጋል?» የሚሉን ባልደረቦች አሉ። ቀድሞ የገባው መኪና ግን ገና ለብዙ ዓመት በአዳማ መንገድ ላይ የሚሠራ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን የማርሽ ሣጥንና ዘይት አለው፣ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል።

ለስፖርት ክበብ ኳስ በየጊዜው መገዛቱን አንቃወምም፤ ለእኛ ግን በዓመቱ ውስጥ አንድ ካቻቢቴ እንኳ አልተገዛም። ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው የወንበር ማከማቻው ክፍል እንዲለቀቅልን፣ አንድ ክሪክ ከነመቆሚያዎቹ፣ የራሳችን የሆነ የጥብቀት መለኪያ ቁልፍና የዘይት መቀበያ ሳፋ ነው። አውቶማቲክ ፒክአፕ ያላቸው ወላጆችም ለመኪናው የሚስማማውን ዘይት፣ ማጣሪያና ጓርኒሲዮን ገዝተው ካመጡ ክበቡ ያለ እጅ ዋጋ ሰርቪስ ስለሚያደርግላቸው፣ ከመስከረም ጀምሮ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንዲመዘገቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።