ሬይድ አዋቅሮ መርሳት አያዋጣም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ ብዙ ሃርድ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራው ዘዴ፣ በሬይድ፣ ስለማቀናጀት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ቀለል ያለ ነው፤ ለጀማሪም ይገባል። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። አንድ ዲስክ ቢሞት ፋይሉን የሚያተርፈውን ሬይድ 5 ያዋቀረ ሰው ስለ ፋይሉ መጨነቅ የለበትም ማለታችሁ። ኧረ ይጨነቅ! ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው።

የሬይድን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1988 በጥናት ያቀረቡት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ራሳቸው ይህን አልዘነጉትም። ውድ የሆነውን ትልቅ ዲስክ ትተን ርካሽ ትንንሾችን በጋራ እናሠራ ሲሉ፣ ዲስክ በበዛ ቁጥር አንዱ የመበላሸቱ ዕድል እንደሚጨምር አብረው አስልተዋል። ለዚህ ነው ፋይሉን ቆራርሶ በዲስኮቹ ላይ ከመበተን ያለፈ የማይሠራው ሬይድ 0 ስሙ ሬይድ ይባል እንጂ ምንም የማያድነው፤ አንዱ ዲስክ ከሄደ ሁሉም ሄደ።

ሬይድ 5 ግን ብልጥ ነው። ሦስት ዲስክ አለ እንበል። አንደኛው ላይ 1፣ ሁለተኛው ላይ 0 ተጽፏል። ሁለቱ ከተለያዩ ሦስተኛው ላይ 1 ይጻፋል፣ አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ 0። አሁን ሁለተኛው ሞተ። የቀሩት 1 እና 1 ናቸው፣ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የጠፋው 0 እንደነበር ይታወቃል። በቃ፣ ሒሳቡ ይኸው ነው። ባለ 4 ቴራባይት ሦስት ዲስክ ገዝታችሁ 8 ቴራባይት የምታገኙትም የአንዱ ያህል ቦታ ለዚህ ስለሚውል ነው።

ችግሩ ያለው እዚሁ ብልጠቱ ላይ ነው። ዲስክ ሞቶም ፋይሉ ይከፈታል፣ ፊልሙ ይታያል፣ ምናልባት ትንሽ ቀርፈፍ ይላል እንጂ ማንም ልብ አይለውም። ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ሁለተኛው ይከተላል፤ ያኔ መደናገጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለዚህ ሬይዱን ባዋቀራችሁበት ቀን የኢሜይል ማስጠንቀቂያውንም አብራችሁ አስተካክሉ፣ መልእክቱ በትክክል መድረሱንም ሞክሩ። ሊኑክስ ላይ ሬይድ በሚያዋቅረው ፕሮግራም፣ በኤምዲአድም፣ የምትሠሩ ከሆነ ኤምዲስታት የሚባለውን ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ለእያንዳንዱ ጤነኛ ዲስክ አንድ ዩ የምትባል የላቲን ፊደል ትታያለች፤ የወደቀው ቦታ ላይ የታች ሰረዝ (_) ብቻ ነው ያለው።

አዲስ ዲስክ ሲገባስ? የጠፋውን መልሶ ለመጻፍ የቀሩት ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ይሄ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ ያን ሁሉ ሰዓት ደግሞ የሚለፉት ከሞተው ጋር አንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ፋብሪካ የወጡ፣ እኩል ያረጁ ዲስኮች ናቸው። ለብዙ ተራ ዲስኮች አምራቾች የሚሰጡት የስህተት ወሰን 12.5 ቴራባይት ገደማ ሲነበብ አንድ የማይነበብ ቦታ ነው። ሁሉም እዚያ ሲደርስ ይሳሳታል ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ከዚያ ይሻላሉ። ግን ባለ 8 ቴራባይት አራት ዲስክ በሬይድ 5 ያሠራ ሰው አንዱን ሲቀይር 24 ቴራባይት ማንበብ አለበት። እኔ ብሆን ሬይድ 6 አደርገዋለሁ፤ ቦታው ከ24 ወደ 16 ቴራባይት ቢወርድም ሁለት ዲስክ ቢሞት እንኳ ይተርፋል። ሁለት ዲስክ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ሳይፈላሰፍ ሬይድ 1 ያድርግ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይጻፋል። በየወሩ ዲስኮቹን ሙሉ በሙሉ የሚያስነብብ ፍተሻ ማስያዝም ጥሩ ነው፣ የተበላሸ ቦታ ቀድሞ ይያዛል።

ባክአፕን፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂን፣ በተመለከተ ጽሑፉ ጭራሽ ዝም ማለቱ ገርሞኛል። በስህተት ያጠፋችሁትን ፋይል ሬይድ ከሁሉም ዲስክ ላይ በታማኝነት ያጠፋላችኋል። ቫይረስ የቆለፈውንም እንደተቆለፈ ያስቀምጣል። ሌላ ቦታ የሚቀመጥ፣ ከማሽኑ የተነቀለ ቅጂ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ዕትም ስለ ዲስክ አቀያየር ብትጽፉልን ደስ ይለኛል። ስትጽፉ የዲስኩን መለያ ቁጥር ነገር እንዳትረሱ። ዲስኩ ከመግባቱ በፊት ቁጥሩ በግልጽ በሚታይ ቦታ ካልተለጠፈ፣ የሞተውን ነቀልኩ ብሎ ጤነኛውን የሚነቅል ሰው ሞልቷል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ