የየኔታን ድምፅ ከፋን ጩኸት እናውጣው፦ የድጋፍ ጥሪ

ወገኖቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከደብረ ማርቆስ ነው የምንጽፍላችሁ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሊቃውንትን ቅኔ በድምፅ የምንቀርጽ ጥቂት ወጣቶች ነን።

በቅርቡ አንድ አረጋዊ የኔታ ከገጠር መጥተውልን ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ነገሩን። ሁለት ቤት ብቻ። ማታ ቁጭ ብለን ስንሰማው ከሥሩ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ አለ። አንዷ ቃል ትላላ ትጥበቅ መለየት አቃተን። ደጋግመን ሰማን፣ አልሆነም። የኔታ ደግሞ በማግስቱ ሄደዋል።

ይህ ለቅኔ ትልቅ ጉዳት ነው። እንኳን ቅኔ፣ የዕለት ንግግራችንም እንዲያው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን መኖርን ይናገራል። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም። ፊደላችን ይህን አይለይም። የሚለየው ጆሮ ነው። ቅኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወርቁን የሚደብቀው እዚህችው ላይ ነው። የታወቁት የቅኔ ጉባኤዎች የዋሸራና የጎንጅ አገር ልጆች ሆነን ወርቁን ለኮምፒውተር ፋን (ማራገቢያ) ጩኸት መስጠት አንጀታችንን በላው።

ጩኸቱ የሚመጣው ከኮምፒውተራችን ነው። በስጦታ ያገኘነው፣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ቀጭን ነው። ውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይም (መብራቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያድለው ክፍል) ቀጭን በመሆኑ የተገጠመለት ፋን ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ፋን በቂ አየር ለመግፋት በጣም መፍጠን አለበት። በደቂቃ ሺህዎች ጊዜ ይዞራል፤ ፉጨቱም ከዚያ ነው። የሚዞረውም በከንቱ አይደለም። የግድግዳው 220 ቮልት ኮምፒውተሩ ወደሚፈልገው 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ሲወርድ ከኃይሉ የተወሰነው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ካልወጣ ዕቃው ይቃጠላል።

ያልሞከርነው የለም። አንድ ቀን በጋቢ ሸፈንነው። ጸጥ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ግሎ ራሱን አጠፋ። ከጀመርነው ቀረጻ ግማሹ ጠፋ። ወደ ሌላ ክፍል እንዳናወጣው ክፍላችን አንድ ናት። በሶፍትዌር ስናጠራው ደግሞ ከጩኸቱ ጋር የ«ሰ»፣ የ«ሸ» እና የ«ፈ» ድምፅ አብሮ ይሳሳል። የሊቅ ድምፅ በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚያልፍ ይሆናል።

መፍትሔው ፓወር ሰፕላዩን አውጥቶ ፋን በሌለው መተካት ነው። ዋናዎቹ ዕቃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ያለ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ነው። 220ውን ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ወለል ላይ ተቀምጦ ያወርዳል። ሁለተኛው በጣት የምትያዝ ትንሽ ሰሌዳ ናት። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ትሰካና 12ቱን ታከፋፍላለች። ኮምፒውተራችን ሲቀርጽ ስንለካው ከ50 ዋት አይበልጥም። አዳፕተሩ 120 ዋት የሚችል ስለሆነ ያለ ፋን ይበርዳል። የፕሮሰሰሩ ፋን ይቀራል፤ እሱ ግን ሰፊና ቀስ ብሎ የሚዞር ነው፣ ማይኩ ላይ አይሰማም።

ሰሌዳዋ ከ6 እስከ 30 ቮልት የምትቀበለው ዓይነት እንድትሆን መርጠናል። ትወደዳለች፤ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ሊቃውንቱን «ይመለሱ» ማለት ያሳፍራል። መብራት ሲሄድ ሰሌዳዋን ከሶላር ባትሪ ጋር እናገናኛታለን፤ ባትሪው ባለ 12 ይባል እንጂ ሲደክም ወደ 11 ይወርዳል፣ ሲሞላ ከ14 ያልፋል። ይህቺኛዋ ሁለቱንም ትችላለች። ባትሪው አለን።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ቤት ያለውን ፓወር ሰፕላይ እንዳትፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይገድላል። እኛም የድሮውን አንፈታውም። እንዳለ እናወጣዋለን። ሥራውን የሚሠራልን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው፤ የእጁን ዋጋ ትቶልናል፣ እግዜር ይስጠው።

ሰሌዳዋ፣ አዳፕተሩ፣ የኮምፒውተራችን መሰኪያ ከመደበኛው ስለሚለይ የሚያስፈልገው ማገናኛ ገመድና ማጓጓዣው ተደምሮ 18,500 ብር ነው። ከኪሳችን 6,300 አዋጥተናል። የቀረው 12,200 ነው። 50 ብርም ብትሆን በደስታ እንቀበላለን። ውጭ አገር ያላችሁ ዕቃውን ራሱን ገዝታችሁ ሰው ሲመጣ ብትልኩልን ከገንዘቡም ይሻለናል፤ ግን አስቀድማችሁ ንገሩን፣ ሁለት እንዳይገዛ። ከተማው ውስጥ ያላችሁ ክፍላችን ድረስ ብቅ በሉ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሰጣችሁት ይጻፋል፣ የተገዛበት ደረሰኝም እዚያው ይያያዛል።

ተርፎ ቢገኝ የኔታን መልሰን ለማምጣት የመኪና እናደርገዋለን። ያችን ጉባኤ ቃና እንዲደግሙልን እንለምናቸዋለን። ፈቃዳቸው ከሆነ የድሮውንና የአዲሱን ቅጂ ላገዛችሁን ሁሉ እንልካለን።