የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ወጣት ኮደሮች፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስለሚጽፉ ልጆች ማለቴ ነው፣ የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ሙያዬ ነዋ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኮምፒውተር ሳይንስ ደረሰኝ፣ ስመረቅ የሱቅ ሒሳብ ፕሮግራም የምትሠራ ትንሽ ድርጅት ገባሁ፣ አሁን ለባንኮች ሲስተም የሚሠራ ቡድን ውስጥ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰፈሬ ያለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተምራለሁ። በነፃ። ይህን የምለው ልመሰገን አይደለም፤ የምናገረውን ከየት እንዳመጣሁት እንድታውቁልኝ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ጥሩ ነገር ነው። ኦንላይን ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ሰርተፍኬትም አለው። ሰርተፍኬቱን ይዘው እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች አሉ። ባዶ ፋይል ከፍቼ «እስቲ ከእነዚህ ቁጥሮች ትልቁን የሚፈልግ ፕሮግራም ጻፉ» ስላቸው ግን ጭጭ። ስለሰነፉ አይደለም። ቪዲዮ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ራስህ ስትጽፍ ነው «ስህተት አለ» የሚለው ቀዩ ጽሑፍ የሚመጣው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። አንድ በጣም ጎበዝ ተማሪዬ ቀዩን ባየ ቁጥር የጻፈውን በሙሉ አጥፍቶ ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር። ስህተቱ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ እዚያው ተጽፏል፣ ቁጥሯን እያት፣ የሚለው ሰው አላገኘም። እንዲህ የሚለው ሰው ደግሞ አጠገቡ መቀመጥ አለበት።

ጄላኒ ኔልሰንን የማታውቁት ካላችሁ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት፣ ዛሬ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። በ2003 ዓ.ም. ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ጨረሰና በዚያው ክረምት አዲስ አበባ መጥቶ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፕሮግራሚንግና አልጎሪዝም (አንድን ችግር ደረጃ በደረጃ መፍቻ ዘዴ) ማስተማር ጀመረ። አዲስኮደር የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ ወጥተው ሃርቫርድና ኤምአይቲ የገቡ ልጆች አሉ፤ ጋዜጦች የምትወዱት ይህንን ነው፣ እኔን ግን የሚገርመኝ የጊዜ አመራረጡ ነው። ክረምት! ልጆቹ ትምህርት የላቸውም፣ ውጭ ያለውም ሰው ቤተሰብ ሊጠይቅ የሚመጣው ያኔ ነው፣ እንደኔ ያለውም ዓመት ፈቃዱን የሚወስደው ያኔ ነው።

እኛ ትምህርት ቤት ግን ክረምት ማለት የኮምፒውተር ክፍሉ የሚቆለፍበት ወቅት ነው። አምና ሰኔ ላይ ሁለት ወር ላስተምር ብዬ ጠየቅኩ። «ከየትኛው ድርጅት ነህ?» ተባልኩ። ከቤቴ ነው የመጣሁት አልኩ። ደብዳቤ አምጣ ተባለ። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ከዚያ ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል እጅ ሆኖ ተገኘ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ ፈቃድ ወጥተው አገር ቤት ገብተዋል። ክረምቱ በዚሁ አለቀ። ሰውዬውን አልወቅሳቸውም፤ አንድ ኮምፒውተር ቢጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ትምህርት ቢሮ አንዲት ቅጽ ያዘጋጅልን። መታወቂያዬን ላሲዝ፣ ዋስ ልጥራ፣ ንብረቱን ፈርሜ ልረከብ። ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል? ኢንተርኔት እንኳን የግድ አይደለም፤ ፓይተን በፍላሽ ይጫናል። መብራት ሲጠፋ በወረቀት እንሠራለን፣ እንዲያውም ወረቀት ላይ የሚያስቡ ልጆች ኋላ ኪቦርዱ ላይ ይፈጥናሉ።

ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ላፕቶፕ ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል፣ ግን ከእረፍታችሁ ላይ አንድ ሳምንት ብትቆርጡልን ይሻለናል። አዲስ አበባ ያላችሁትም ያው ናችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት የት እንደምትሆኑ አውቃለሁ።

እናንተን አዘጋጆቹን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በመጪው ክረምት ቢሮውን ጠይቁልን፤ የስንት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ክፍት ነው? መልሱን አትሙት፣ ዝርዝሩ ከነሰፈሩ ቢሆን ደግሞ በየትኛው በር እንደምናንኳኳ እናውቃለን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ