ደብዳቤ ለልጄ፦ «ሳ ቫ» አትበይኝ

ሚሚዬ፣ እንኳን ለ15ኛ ዓመትሽ አደረሰሽ የኔ እናት። ኬኩን አርብ ስትመጪ እንቆርሳለን፣ ሻማው ተገዝቷል፣ ስጦታሽን ግን ብትሞቺ አልነግርሽም። አሁን ቁጭ በይና አንብቢ፣ እየዘለልሽ አይደለም፣ ሙሉውን።

ማክሰኞ የአዳሪ ትምህርት ቤትሽ ተቆጣጣሪ ደውላልኝ ነበር። በሁለት ሳምንት ሶስቴ ሆዴን አመመኝ ብለሽ ነርሷ ጋ ሄደሻል፣ እራትም አትበይም አሉ። የዛኑ ቀን ማታ እኔ ሜሴጅ ስልክልሽ «ሳ ቫ ማማ»፣ ደህና ነኝ እማ፣ ብለሽ ሁለት ልብ ጨምረሽ ተኛሽ። እንዴት ነው እሱ ሳ ቫ የሚሆነው? እንዳትዋሺኝ። ሂሳብ ወደቅኩ በይኝ፣ ከልጆቹ ጋር ተጣላሁ በይኝ፣ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ደህና ሳትሆኚ ደህና ነኝ ግን አትበይኝ።

ባለፈው ስለ ትምህርት ቤትሽ «እዚህ የከተተኝ ናፖሊዮን ነው» ስትይ ስቄ ነበር፣ ግን እኮ እውነትሽን ነው። በፈረንጅ 1805 አውስተርሊትዝ ጦርነት ላይ አሸንፎ ሲያበቃ ነው የተሸለሙ ወታደሮቼን ሴቶች ልጆች ላሳድግ ብሎ ያዘዘው፣ መጀመሪያ ኤኩዋን የሚባል ቦታ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ያንቺው፣ ፓሪስ ጥግ ሰን ዴኒ ገዳሙ ውስጥ፣ የፈረንሳይ ነገስታት የተቀበሩበት ቤተክርስቲያን ጎን። ሰውየው ደግሞ የሚያምኑ ሴቶች አሳድጉልኝ እንጂ የሚከራከሩ አልፈልግም ብሎ የጻፈ ነው። መርፌና ጸሎት ነበር የታሰበላችሁ። አባትሽ የአያትሽን የፓፒን ሌዥዮን ዶነር፣ ያንን የፈረንሳይ መንግስት የክብር ሜዳልያ፣ ከመሳቢያ አውጥቶ «በዚህ እኮ ልትገባ ትችላለች» ሲለኝ ስንት ቀን እንደተጨቃጨቅን ታስታውሻለሽ። ሴት ልጅን ለብቻዋ ማስቀመጥ እዚህ ፈረንሳይም ቢሆን ለረጅም ጊዜ አሳንሶ ማስተማር ነበር፣ በ1880 መንግስት የሴቶች ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ይከፈት ብሎ ህግ ሲያወጣ እንኳን ለባካሎሬያ፣ ለማጠናቀቂያው ፈተና፣ የሚያዘጋጅ ትምህርት አልሰጧቸውም፣ ከወንዶቹ እኩል ያደረጓቸው በ1924 ነው። ከ1975ቱ ህግ በኋላ ደግሞ የመንግስት ትምህርት ቤት ሁሉ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ሲማር ያንቺው ግን እንዳለ ቀረ። እና ለምን እሺ አልኩ? ልናይ የሄድን ቀን አንዷ ልጅ የዩኒፎርም መቀነቷን እንደታጠቀች ሰሌዳው ስር ቆማ ከሒሳብ አስተማሪዋ ጋር ስትከራከር አየኋት፣ አስተማሪዋም እየሳቀች ጠመኔውን ሰጠቻት። በቃ እዛ ተሸነፍኩ።

ናካራውን፣ ቀዩን መቀነትሽን ደግሞ በእጅ እጠቢው፣ ማሽን ውስጥ ከነጭ ሸሚዝ ጋር እንዳትከቺው። ማታ ፀጉርሽን በሻሽ አስረሽ ተኚ፣ ቅባቱ በትልቁ ቦርሳ የጎን ኪስ ውስጥ ነው። ብዪው ብዬ የላክሁልሽን ዳቦ ቆሎ ለጓደኞችሽ አድለሽ ጨርሰሽዋል አሉ፣ ማደሉ ደስ ይላል፣ አንቺስ?

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። እኔም በ13 ዓመቴ አዳሪ ገብቻለሁ፣ ይህን ታውቂያለሽ። እማማ በልጅነቷ እቴጌ መነን ገብታ ለማደር ህልሟ ነበር፣ በፈረንጅ 1931 የተከፈተው የሴቶቹ ትምህርት ቤት፣ ቤተሰብ አልፈቀደላትም፣ ስለዚህ ለእኔ ሌላ አዳሪ ቤት ፈልጋ አስገባችኝ። መስከረም መጨረሻ ላይ አባዬ በአውቶብስ ሊጠይቀኝ መጣ። በሩ ላይ ቆመን፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ «ከፍቶሻል እንዴ? ልውሰድሽ?» አለኝ። ማታ ማታ ትራሴን ነክሼ ነበር የማለቅሰው። ግን ልጆቹ ያዩናል፣ «ደህና ነኝ አባዬ» አልኩት። አገላብጦ ሳመኝ፣ አምስት ብር ሰጠኝ፣ ሄደ።

ከዛ ደብዳቤ ይመጣል፣ የእማማ ጽሁፍ፣ «ሁላችንም ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን»። እኔም እመልሳለሁ፣ «እኔም ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ»። ለገና ስመጣ እማማ በር ላይ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። አባዬ ጥቅምት ላይ ተቀብሯል። መርዶ ለልጅ በደብዳቤ አይነገርም፣ ፈተናዋን ትጨርስ ብለው ነው፣ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኳቸውም። እኔ የሚያቃጥለኝ የበሩ ነገር ነው። ከፍቶኛል ብለው ይዞኝ ይሄድ ነበር፣ አብሬው አንድ ወር እኖር ነበር። ሰላሳ ስምንት ዓመቴ ነው ይሄን ስቆጥር።

ስለዚህ ደህና ነኝ አትበይኝ። ትምህርት ቤቱ ካልሆነልሽ ውጪ፣ ፓፒ አይቆጣም፣ አባትሽን እኔ እችለዋለሁ፣ ሰፈራችን ያለው ሊሴም ባካሎሬያ ያስፈትናል። መቆየትም ከፈለግሽ ቆዪ፣ ያንቺ ምርጫ ነው። እራት አለመብላት ግን ምርጫ አይደለም፣ እሱን አልቀበልም፣ ዛሬ ማታ ሾርባውን ትጠጫለሽ፣ አለቀ።

እኔንም ከጠየቅሽኝ ደህና አይደለሁም። ትናንትም ሶስት ሳህን አቅርቤ አባትሽ አንዱን ዝም ብሎ መለሰው።

አርብ ባቡር ጣቢያ ቀድሜ እቆማለሁ፣ ሰዓቱ ያለበት በር ጋ። የቆሸሸውን ልብስ በሙሉ አምጪ፣ ካልሲውንም። «ከፍቶሻል እንዴ?» ብዬ እጠይቅሻለሁ፣ ሰው ቢያየንም ባያየንም።

እማ