የስልክ አስፈሪ ታሪክ ደንብ ይፈልጋል

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ስልክ ሱስና ስለ ኦንላይን ፍቅር የሚጻፉት አስፈሪ ልብ ወለዶች አብዛኞቹ አንድ ናቸው፦ ስክሪኑ ይሰነጠቃል፣ እጅ ይወጣል፣ ከዚያ ጩኸት። የሚያስፈራው ግን ስልኩ ደንቡን ጠብቆ ሲሠራ ነው።

ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት መልእክቱ ሰርቨር ደርሷል፣ ሁለት ራይት ተነቧል ማለት ነው። ዋትስአፕ ላይ ሁለት ግራጫ ራይት ስልኩ ላይ መድረሱን ብቻ ያሳያል፤ ሲነበብ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያውም ባለቤቱ ካላጠፋው። ይህን ያምታታ ደራሲ በመጀመሪያው ገጽ ይነቃበታል።

አንዲት ልጅ የሟች እጮኛዋን ስልክ አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች እንበል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በቴሌግራም ለእሱ በላከችው መልእክት ላይ ሁለተኛዋ ራይት ብቅ ስትል አንባቢ «ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይሆናላ» ይላል። ይህን በር መዝጋት የደራሲው ሥራ ነው፤ ልጅቷ ስልኩን አብርታ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን፣ አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር፣ ትክፈት፤ ያ አንድ ስልክ ብቻ ተዘርዝሮ ታግኝ።

ሱሱንም «ቀኑን ሙሉ ስልኳን ታያለች» ብሎ ማለፍ አያስኬድም። ቴሌግራም ላይ ብሎክ ያደረገሽ ሰው ላስት ሲን (መጨረሻ የታየበት ጊዜ) ሁልጊዜ «ከረጅም ጊዜ በፊት» ነው የሚለው፤ ላስት ሲኑን ደብቆ ከወር በላይ የጠፋውም እንደዚያው። ብሎክ ሲደረግ ፕሮፋይል ፎቶም ስለሚጠፋ ሰውዬው ከመነሻው ፎቶ የሌለው ይሁን። ያኔ ባለታሪኳ በአካል አይታው የማታውቀው ፍቅረኛዋ ጠልቷት ይሁን ሞቶ መለየት አትችልም፤ ደጋግማ የምትከፍተውም ለዚሁ ነው። ጭራቁ ጭራሽ ባይመጣም ታሪኩ አይጎድልበትም።

አንድ የልብ ወለድ አርታኢ፣ አዲስ አበባ