ሕመሙ ተመለሰ ማለት ሁልጊዜ በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀን ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ስለሚበቅልበት በሽታ፣ የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቁት ኦፕራሲዮኑ ላይ ነው። ሴትየዋ ለዓመታት ትሰቃያለች፣ በስተመጨረሻ የበሽታዋ ስም ይነገራታል፣ ኦፕራሲዮን ትሆናለች፣ ጽሑፉም ያበቃል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከዚያ በኋላ ስላሉት ሴቶች ነው፤ ጥቂት ወራት ቀሏቸው ሕመሙ እንደገና ስለጀመራቸውና "ታክመሻል እኮ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?" ስለሚባሉት።

ሕመሙ መመለሱ ብርቅ አይደለም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሌላ ሕክምና ካልተከተለ በ2 ዓመት ውስጥ ከአምስት ሴቶች አንዷ፣ በ5 ዓመት ውስጥ ደግሞ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት እንደገና ይታመማሉ። ጥፋቱ የታማሚዋ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሐኪሙም አይደለም። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስለው ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ ኦቫሪ (ዕንቁላል የሚያፈራው አካል) ላይ፣ አንጀት ላይ፣ ፊኛ ላይ ይበቅላል። ኦፕራሲዮን የበቀለውን ያወጣል እንጂ እንዲበቅል ያደረገውን አያስቀርም።

ስሕተቱ የሚጀምረው የተመለሰው ሕመም ሁሉ አንድ ተደርጎ ሲታይ ነው። ከወር አበባ ጋር መጥቶ ከወር አበባ ጋር የሚሄድ ቁርጠት አብዛኛውን ጊዜ የቀረ ወይም አዲስ የበቀለ ሕዋስ ምልክት ነው፤ አለዚያም አዴኖማዮሲስ ነው። አዴኖማዮሲስ ይኸው ዓይነት ሕዋስ በማህፀኑ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ነውና፣ ከማህፀን ውጭ ያለውን ሁሉ ያጸዳ ኦፕራሲዮን እንኳ አይነካውም። ወሩን ሙሉ የሚቆይ፣ ሲቀመጡ የሚብስ፣ በግንኙነት ጊዜና ከሽንት በኋላ የሚያቃጥል ሕመም ከሆነ ግን ቅድሚያ የሚጠረጠረው ጡንቻ ነው። ለዓመታት ሕመምን ፈርቶ ሲኮማተር የኖረ የዳሌ ጡንቻ፣ ቁስሉ ቢነሳለትም መኮማተሩን አይተውም። ወደ ብልት ወይም ወደ ጭን የሚወረወር፣ ኤሌክትሪክ የሚመስል ሕመም ደግሞ የነርቭ ነው። አንዲት ሴት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ልትይዝ ትችላለች፤ ለዚህ ነው አንድ መድኃኒት ሰጥቶ "አልሠራም" ማለት የማያስኬደው።

ለመለየት የሚረዳው የመጀመሪያው መሣሪያ ደብተር ነው። ለሦስት ወር፣ በየቀኑ አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀኑ፣ ደም መኖር አለመኖሩ፣ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ሲወጣ መባሱ፣ የተወሰደው መድኃኒትና ሰዓቱ። "ሁልጊዜ ያመኛል" የሚለው ቃል ሐኪሙን ብዙ አይረዳውም። "ከ28 ቀን 11ዱ ከ6 በላይ ነበር፤ ከእነሱ 7ቱ ደም በሌለበት ቀን ነው" የሚለው ግን የምርመራውን አቅጣጫ ይለውጣል።

ሁለተኛው የኦፕራሲዮኑ ሪፖርት ነው። ኮፒው ተጠይቆ ቤት ሊቀመጥ ይገባል። ሪፖርቱ ላይ የሚፈለገው በሽታው የት የት እንደታየ፣ ተቆርጦ ነው የወጣው ወይስ ተቃጥሎ፣ የተተወ ቦታ ካለ ለምን እንደተተወና የላቦራቶሪው ውጤት ነው። ኦቫሪ ላይ ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) ከነበረ ፈሳሹ ብቻ ተቀድቶ ይሆን ወይስ ግድግዳው ተላጦ እንደወጣ ይታይ። የተቀዳ ብቻ ከሆነ በወራት ውስጥ ተመልሶ መሙላቱ የሚጠበቅ ነው። ግድግዳው ሲላጥ ደግሞ ጤናማ ዕንቁላልም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ መውለድ የምታስብ ሴት በዚያው ኦቫሪ ላይ ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን ከመስማማቷ በፊት የዕንቁላል ክምችቷን ማስመርመር አለባት።

አሁን በጣም ወደሚያስቆጨን ነገር እንምጣ። ለጊዜው ማርገዝ የማትፈልግ ሴት ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለ ሆርሞን ሕክምና ወደ ቤቷ ትሸኛለች። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 ያወጣው መመሪያ ከኦፕራሲዮን በኋላ የወር አበባ ሕመም እንዳይመለስ ሆርሞን ያለው ሉፕ ወይም ጥምር ኪኒን (ሁለት ሆርሞኖች ያሉት የእርግዝና መከላከያ) ቢያንስ ከ18 እስከ 24 ወር እንዲቀጥል ይመክራል። ኪኒኑ የሳምንት እረፍት ሳይሰጠው በተከታታይ ሲወሰድ ለወር አበባ ሕመም የተሻለ ነው፤ ደሙ ካልመጣ ቁርጠቱም አይመጣምና። ሉፑ ማህፀኑ ላይ በደንብ ይሠራል፣ ነገር ግን ዕንቁላል መውጣቱን ሁልጊዜ ስለማያቆም የኦቫሪ ሲስት ለተመላለሰባት ሴት ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ሌላው የሆርሞን ኪኒን ዳይኖጄስት በቀን 2 ሚሊግራም፣ ሳይቋረጥ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል፤ ብቻውን እንደ እርግዝና መከላከያ ሊታመንበት ግን አይገባም። ጥምር ኪኒን ከራስ ምታቷ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ ለሚታያት፣ ደም ረግቶባት ለሚያውቅና ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ ሴት አይሰጥም።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ምንድን ነው? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነጠብጣብ ደም ይታያል። አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት "አልተስማማኝም" ብላ ታቆማለች፤ ሕመሙም ይመለሳል። ነጠብጣቡ መድኃኒቱ አለመሥራቱን አያሳይም፤ በአብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀንሳል። ድብርት ወይም ከባድ የስሜት ለውጥ ከመጣ ግን መታገሥ አይገባም፤ ዓይነቱ ይቀየራል።

ማስታገሻም ቢሆን አወሳሰዱ ይበላሻል። ኢቡፕሮፌን ፕሮስታግላንዲን የተባለው ቁርጠት አምጪ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያግዳል እንጂ አስቀድሞ የተመረተውን አያጠፋም። ስለዚህ ሕመሙ ጣሪያ ከነካ በኋላ የተዋጠ አንድ ኪኒን ቢያቅተው አይገርምም። 400 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ምግብ ላይ፣ የወር አበባ ከመምጣቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ወይም በመጀመሪያው ምልክት ተጀምሮ ለሁለት ሦስት ቀን ሳይቆራረጥ ሲወሰድ ነው ጥቅሙ የሚታየው። ፓራሲታሞል 1 ግራም አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ4 ግራም አይለፍ። ኢቡፕሮፌንን ከዘመዱ ከዳይክሎፌናክ ጋር መደረብ ጨጓራንና ኩላሊትን መጉዳት ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም በእነዚህ መድኃኒቶች የሚነሳ አስም ያለባት ሴት ከሁለቱ አንዱንም ያለ ሐኪም አትውሰድ።

ለጡንቻው ሕመም እነዚህ ሁሉ ብዙም አይረዱም። እዚያ የሚሠራው ማላላት ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ባቶቹን ወንበር ላይ አሳርፎ፣ አንድ እጅ ደረት ላይ አንድ እጅ ሆድ ላይ ይደረጋል። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ማስገባት፤ መነሳት ያለበት ሆድ ላይ ያለው እጅ ነው። አየሩ ሲገባ በፊንጢጣና በብልት መካከል ያለው ቦታ፣ ሽንት ሊጀምር ሲል እንደሚላላው፣ ወደ ታች ሲወርድ መሰማት አለበት። ከዚያ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ማማጥ አያስፈልግም፤ ካማጡ ጡንቻው መልሶ ይቋጠራል። ከወሊድ በኋላ ለሴቶች የሚሰጠው ሽንትን እንደመያዝ ቋጥሮ የመልቀቅ ልምምድ ደግሞ ለዚህ ሕመም ተቃራኒው ነው፤ የተኮማተረውን ጡንቻ የባሰ ያኮማትረዋል። በዳሌ ጡንቻ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ከተገኘ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ለውጥ ይጠበቃል። ሽንት ቤት ሲቀመጡ ከእግር ሥር 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው ነገር አድርጎ ጉልበትን ከዳሌ በላይ ማድረግም ማማጥን ይቀንሳል።

ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን በ10 ሚሊግራም ማታ ማታ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። ጋባፔንቲን በልማድ ይታዘዛል፤ በ2020 የታተመ በ306 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ምክንያቱ በላፓራስኮፒ (ሆድ ውስጥ በካሜራ በማየት) ላልታየ የዳሌ ሕመም መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ኪኒን እንዳልበለጠ አሳይቷል።

ሁለተኛ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም እያልን አይደለም። አንጀት ሲጠብ፣ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቧንቧ ሲዘጋ፣ ሲስቱ ሲያድግ ወይም ሲያጠራጥር፣ ሆርሞኑ በአግባቡ ተሞክሮ ካልረዳና ምስሉ ላይ ጥልቅ (ወደ አካላት ግድግዳ ዘልቆ የገባ) በሽታ ከታየ ያስፈልጋል። ምስሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ሲነካ የሚያመው ጡንቻው ሆኖ ሳለ እንደገና ሆድ መክፈት ግን አዲስ ጠባሳና አዲስ የአካላት መጣበቅ ነው የሚጨምረው። አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው ማለት በእርግጥ በሽታ የለም ማለት አይደለም፤ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ በስሱ የተበተነው አይታይበትም። ማህፀን ማስወጣትም ከማህፀን ውጭ ያለው ከቀረ አያድንም። "ውለጂ፣ ይለቅሻል" የሚለው ምክር ሕክምና ስላልሆነ ከባለሙያ አፍ ሊወጣ አይገባም።

ትኩሳት፣ በአንድ ጎን በድንገት ተነስቶ ትውከት ያስከተለ ሕመም፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም እርግዝና እያለ የመጣ የሆድ ሕመም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል። ሳያሳምም የሚጎዳው ግን ሌላ ነው፦ የሽንት ቧንቧን ቀስ በቀስ የሚያጠብ ኢንዶሜትሪዮሲስ ኩላሊትን ያለ አንዳች ሕመም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጥልቅ በሽታ የነበረባት ሴት ለክትትል አልትራሳውንድ ስትታዘዝ ኩላሊቶቿም አብረው እንዲታዩ ወረቀቱ ላይ ይጻፍላት፤ ካልተጻፈም ራሷ ትጠይቅ።

ከማህፀን ሐኪሞችና ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች